መርጃን ድንጋይ ነው፣ ተክል ነው ወይስ እንስሳ? «አዲስ ዝርያ ተገኘ» ለማለት የሚያስፈልገው ማስረጃ



ባለፈው ረመዳን ከተራዊሕ በኋላ በነበረን የተፍሲር ሐለቃ ሱረቱ አር-ረሕማን ላይ ደረስን። በዚህች ሱራ «መርጃን» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ፣ በ22ኛውና በ58ኛው አንቀጽ ይገኛል። ኡስታዛችን ሙፈሲሮች በቃሉ ላይ ያላቸውን ልዩነት አስረዱን። ትንንሹ ሉል ነው ያሉ አሉ፤ ትልልቁ ነው ያሉ አሉ፤ ቀይ ጨሌ ነው ያሉም አሉ። ኢብኑ ከሲር እነዚህን አስተያየቶች በተፍሲራቸው ዘግበዋቸዋል። ከዚያ ኡስታዝ «ዛሬ ሰዉ መርጃን የሚለው፣ ከባሕር የሚወጣው ነገር ግን ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁን።

አንዱ ወንድማችን «ተክል ነው» አለ። እኔ የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ነኝና በልበ ሙሉነት «ድንጋይ ነው፣ የኖራ ድንጋይ» አልኩ። ከመጋረጃው ወዲያ አንዲት የባዮሎጂ ተማሪ እህታችን «እንስሳ ነው» ስትል አብዛኞቻችን ሳቅን። ትክክለኛዋ እሷ ነበረች።

ያ ሳቅ እስካሁን ያሳፍረኛል። ሳላውቅ መናገሬ ሳያንስ በምታውቀው ላይ ስቄአለሁ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩን ሳነብ ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። መርጃን እንስሳ ከሆነ፣ ይህኛው ከዚያኛው የተለየ ዝርያ መሆኑ በምን ይታወቃል? በየቴሌግራሙ «ሳይንቲስቶች አዲስ ዝርያ አገኙ» ሲባል እናነባለን። ይህን ለማለት ምን ያህል ማስረጃ ያስፈልጋል? ያገኘሁትን መልስ ላካፍላችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ መርጃን ምንድን ነው?

በሳይንስ ኮራል የሚባለው መርጃን የብዙ ጥቃቅን እንስሳት ስብስብ ነው። እያንዳንዱ እንስሳ ፖሊፕ ይባላል። ፖሊፕ እንደ ትንሽ ከረጢት ነው፤ ከላይ አፍ አለው፣ በአፉ ዙሪያ ክንዶች አሉት። በብዙዎቹ ዓይነቶች በመቶና በሺህ የሚቆጠሩ ፖሊፖች ተያይዘው እንደ አንድ አካል ይኖራሉ። ቦታቸውን ስለማይለቁና ቅርንጫፍ ስለሚያወጡ ተክል ይመስላሉ። ከሞቱ በኋላ የሚቀረው አፅማቸው ደግሞ ድንጋይ ይመስላል። ስለዚህ እኔና ያ ወንድሜ ብቻችንን አልተሳሳትንም። ሊኒየስ ራሱ በ1758 እንስሳትን ሲመድብ ከኮራሎቹ አንዱን ክፍል «የድንጋይ ተክሎች»፣ ሌላውን ደግሞ «እንስሳ ተክሎች» የሚል ስም ሰጥቷቸው ነበር።

ኮራሎች በሁለት ትልልቅ ክፍሎች ይመደባሉ። የመጀመሪያዎቹ ደረቅ ኮራሎች ያሉበት ክፍል ነው። የደረቅ ኮራሎች ክንዶች በስድስት ወይም በስድስት ብዜት የሚቆጠሩ ሲሆን፣ በባሕር ውስጥ ያሉትን ትልልቅ የኮራል ክምሮች በዋናነት የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ሁለተኛዎቹ ለስላሳ ኮራሎች ያሉበት ክፍል ነው። በዚህ ክፍል እያንዳንዱ ፖሊፕ በትክክል ስምንት ክንድ አለው፤ ክንዶቹም ግራና ቀኝ እንደ ላባ ጥርስ ያወጣሉ። በጌጥነት የሚታወቀው የሜዲትራኒያን ቀይ መርጃንም አፅሙ እንደ ድንጋይ ይጠንክር እንጂ፣ ባለ ስምንት ክንድ ስለሆነ የዚህ የሁለተኛው ክፍል አባል ነው። ስለዚህ የጌጥ ነጋዴው መርጃን ለለስላሳው ኮራል ይቀርባል።

ለስላሳ ኮራል እንደ ደረቁ አንድ ወጥ የድንጋይ አፅም የለውም። ሥጋው ውስጥ ግን ስክለራይት የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን የካልሲየም ካርቦኔት ቅንጣቶች ተበትነዋል። የምሕንድስና ተማሪዎች ፋይበር የተቀላቀለበትን ኮንክሪት ማሰብ ትችላላችሁ። ቅንጣቶቹ ለየብቻ ምንም አይሸከሙም፤ ተበትነው ሲገቡ ግን ለለስላሳው አካል ጥንካሬ ይሰጡታል። የኮራሉ ማንነት በአብዛኛው የሚነበበውም ከእነዚህ ቅንጣቶች ነው።

ዓይን ብቻውን ለምን አይበቃም?

ያደግሁት እንሴኖ ነው። በገበያችን የማረቆ በርበሬ ታዋቂ ነው። «ማረቆ ፋና» የሚባለውን ቀይ በርበሬና ለስልስ የምንገዛውን ቃሪያ ጎን ለጎን ያየ የውጭ ሰው ሁለት የተለያዩ ተክሎች ናቸው ሊል ይችላል። በሳይንስ ግን ሁለቱም አንድ ዝርያ ናቸው። የጉራጌ እናቶችም ከሩቅ አይተው ይህ አስታራ ነው፣ ያ ጓርዬ ነው እያሉ የሚለዩአቸው ብዙ ዓይነት እንሰቶች አሉ፤ ሁሉም ግን አንድ ዝርያ ናቸው። እዚህ ላይ የአማርኛችን ቃል ራሱ ሊያሳስተን ይችላል። የግብርና ባለሙያው «አዲስ የበርበሬ ዝርያ ወጣ» ሲል በአንድ ዝርያ ውስጥ ያለ ዓይነት ማለቱ ነው። በዚህ ጽሑፍ «ዝርያ» የምለው ከሌሎች ተለይቶ በራሱ የዘር መስመር የሚቀጥለውን ሕያው ፍጥረት ነው።

በለስላሳ ኮራል ደግሞ ችግሩ ይብሳል። አንድ ዝርያ ውሃው በሚናወጥበት ቦታ ደንደንና አጠር ብሎ፣ ጸጥ ባለ ጥልቅ ቦታ ደግሞ ረዘም ብሎ ሊያድግ ይችላል። ሲነካ ይኮማተራል፤ ቀለሙም በአልኮል ውስጥ ይለቃል። በቀይ ባሕር የሚገኘው ሄትሮክሲንያ ፉስሴንስ ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህ ኮራል ካደገ በኋላ ሁለት ዓይነት ፖሊፖች ይኖሩታል። በልጅነቱ ግን አንድ ዓይነት ብቻ ስለሚኖረው ክሲንያ የተባለውን የቅርብ ዘመዱን ይመስላል። ልጁን ያየ ሰው ሌላ ወገን ነው ቢል አይፈረድበትም፤ ግን ተሳስቷል።

በተቃራኒው ደግሞ ለዓይን አንድ መስለው ብዙ የሆኑም አሉ። ሳርኮፊተን ግላውከም በሚል ስም ለብዙ ዓመታት ሲጠራ የኖረው እንጉዳይ መሳይ ኮራል በዲኤንኤ ሲመረመር፣ በአንድ ስም የተጠሩ በርካታ የተለያዩ የዘር መስመሮች ሆኖ ተገኝቷል።

ሥራው እንዴት ይሠራል?

በመጀመሪያ ፈቃድ ይወጣል። ቀጥሎ ጠላቂው ኮራሉን በሕይወት እንዳለ ፎቶ ያነሣል፤ ቀለሙን፣ ቅርጹን፣ ፖሊፖቹ ተዘርግተው እንዴት እንደሆኑ ይመዘግባል። ቦታው፣ ጥልቀቱና ቀኑ ይጻፋል። ከዚያ ቁራጭ ይወሰዳል። አንዱ ቁራጭ ለቅርጽ ጥናት በ70 በመቶ አልኮል ይቀመጣል፤ ሌላው ትንሽ ቁራጭ ደግሞ ለዲኤንኤ ከ95 በመቶ በላይ በሆነ አልኮል ይቀመጣል። ፎርማሊን ለረጅም ጊዜ ማስቀመጫነት አይመከርም። እያደር አሲድነት ስለሚያመጣ ስክለራይቶቹን ያሟሟል፤ የዲኤንኤ ምርመራውንም ያበላሻል። በጥድፊያ የተሳሳተ ፈሳሽ ውስጥ የገባ ናሙና ማስረጃው በገዛ ዕቃው ውስጥ ሊጠፋ ይችላል።

ሁለተኛው እርምጃ በየቤታችን ባለ ነገር ይሠራል፤ በበረኪና። ከኮራሉ ትንሽ ሥጋ ተቆርጦ በረኪና ውስጥ ሲገባ ሥጋው ይሟሟል፣ ስክለራይቶቹ እንደ ደቃቅ አሸዋ ከሥር ይዘቅጣሉ። በንጹሕ ውሃ ተደጋግመው ይታጠቡና በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። ለዝርዝሩ በስሱ ወርቅ ተቀብተው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፎቶ ይነሣሉ።

ቅንጣቶቹ ከአንድ ቦታ ብቻ ተወስደው አይበቃም። ከፖሊፑ፣ ከላይኛው ክፍል ቆዳና ውስጥ፣ ከግንዱ ቆዳና ውስጥ ለየብቻ ይወሰዳሉ፤ ምክንያቱም በአንድ ኮራል አካል ውስጥ እንኳ ቅርጻቸው ይለያያል። በሳርኮፊተን ለምሳሌ ቆዳው ላይ ያሉት ጫፉ የወፈረ ዱላ ይመስላሉ፤ ውስጥ ያሉት ደግሞ እንዝርት ይመስላሉ፤ መሐላቸው ወፍሮ ሁለቱ ጫፎቻቸው ይሾላሉ። የክሲንያ ቤተሰብ ስክለራይቶች ግን ደቃቅ ጠፍጣፋ ሞላላዎች ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ እጅ እስከ መቶኛው ሦስት እጅ ያህል ብቻ ናቸው። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ በእያንዳንዱ ክንድ ጎን ያሉት የላባ ጥርሶች ስንት ረድፍ እንደሆኑና በአንዱ ረድፍ ስንት ጥርስ እንዳለ ይቆጠራል። አዎ፣ በማይክሮስኮፕ ሥር አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ሦስተኛው ዲኤንኤ ነው። ብዙ ሰው ዲኤንኤ ሁሉን ይፈታል ብሎ ያስባል። በለስላሳ ኮራሎች ግን በብዙ እንስሳት ላይ እንደ መታወቂያ የሚያገለግለው የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ በጣም በዝግታ ነው የሚለወጠው። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች በዚህ ክፍል አንድ ዓይነት ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። ተመራማሪዎች በርካታ የዲኤንኤ ክፍሎችን ከስክለራይቱና ከቅርጹ ጋር አጣምረው የሚመለከቱትም በዚህ ምክንያት ነው። አንዱ ምስክር ብቻውን አይበቃም።

ከባዱ ሥራ፤ ቀደምቶችን ማንበብ

አራተኛው እርምጃ የሚሠራው በባሕር ላይ አይደለም፤ በቤተ መጻሕፍትና በሙዚየም ነው። «ይህ አዲስ ነው» ማለት «ከዚህ በፊት ከተጻፉት ሁሉ የተለየ ነው» ማለት ነውና፣ ከዚህ በፊት የተጻፈውን ሁሉ ማንበብ ግድ ይላል። ለእኔ አዲስ የሆነ ነገር ሁሉ ለዓለም አዲስ አይደለም። በእንስሳት ስያሜ ደንብ ቅድሚያው የቀደመው ስም ነው፤ መነሻውም የሊኒየስ የ1758 መጽሐፍ ነው። ከዚያ ወዲህ በላቲን፣ በጀርመንኛና በፈረንሳይኛ የተጻፉ ገለጻዎች አሉ። ከእነሱ አንዱ የአንተን ኮራል ቀድሞ ገልጾት ከሆነ የሰጠኸው ስም ይወድቃል።

በቀይ ባሕር ለስላሳ ኮራሎች ላይ ይህ ንባብ ወደ ጎረቤታችን የመን ይወስደናል። በ1761 ከዴንማርክ የተነሣ የስድስት ሰዎች ጉዞ ግብፅንና ጂዳን አልፎ የመን ገባ። የእንስሳትና የእጽዋት ሊቁ ፔተር ፎርስኮል ስዊድናዊ ነበር። በ1763 የመን ውስጥ በወባ ሞተ፤ ዕድሜው 31 ነበር። ከስድስቱ በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ብቻ ሲሆን፣ የጓደኛውን ማስታወሻ በ1775 አሳተመለት። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሊቶፊተን አርቦረም የተባለ ለስላሳ ኮራል ተገልጿል፤ ስሙ ዛሬም ይሠራበታል። አርቦረም «ዛፍ መሰል» ማለት ነው።

ፎርስኮል አረብኛ ያውቅ ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ የሚሰጡትን ስም እየጻፈ ብዙዎቹን ሳይንሳዊ ስም አድርጓቸዋል። ቦሃር፣ ሐሪድ፣ ሶሃል፣ አቡደፍዱፍ የሚሉት የአረብኛ ስሞች ዛሬ በመላው ዓለም የዓሣ መጻሕፍት ውስጥ አሉ። ስማቸው ያልተመዘገበ የቀይ ባሕር ዓሣ አጥማጆች ዓሣዎቹን ከሊቁ በፊት ለይተው ያውቁ እንደነበር ይህ ምስክር ነው።

ቀጥሎ በ1820 የተነሡት ጀርመኖቹ ኤረንበርግና ሄምፕሪክ መጡ። ሄምፕሪክ በ1825 ምጽዋ ላይ በትኩሳት ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ኤረንበርግ ወደ በርሊን ተመልሶ የቀይ ባሕርን ኮራሎች የገለጸበትን ሥራ በ1834 አወጣ። ቅድም የጠቀስኩትን ሄትሮክሲንያ ፉስሴንስን የገለጸው እሱ ነው፤ ናሙናዎቹም በበርሊን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይገኛሉ። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በነበረችበት ዘመንም በ1962 ወደ ዳህላክ ደሴቶች በተደረገ የባሕር ጥናት የተሰበሰቡ ለስላሳ ኮራሎችን ሆላንዳዊው ፈርስፌልት መርምሮ በ1965 ውጤቱን አሳትሟል። ዛሬ ከዳህላክ አንድ ኮራል ይዞ የሚነሣ ተማሪ እነዚህን ሁሉ ሳያነብ «አዲስ» ሊል አይችልም።

በመድረሳ ለተማርን ሰዎች ይህ እንግዳ አሠራር አይደለም። የሐዲስ ሊቃውንት አንድን ዘገባ ከመቀበላቸው በፊት ሰነዱን በሰው በሰው ይመረምራሉ፤ መትኑንም ከሌሎች ዘገባዎች ጋር ያስተያያሉ። ጃቢር ኢብኑ ዐብደላህ (ረ.ዐ.) አንዲት ሐዲስ ከራሱ ከሰሚው አፍ ለመስማት የአንድ ወር መንገድ መጓዛቸው ይታወቃል። ማመሳሰሌ ለአሠራሩ እንጂ ለደረጃው አይደለም። ወሕይ ሌላ ነው፤ የሰው ግኝት ሌላ ነው፤ የሰው ግኝት ነገ ሊታረም ይችላል። ግን ወደ ምንጩ ሄዶ የማጣራት ልማድ ለኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም።

ስሙ የሚያርፍበት ናሙና

ልዩነቱ ከተረጋገጠ በኋላ ገለጻው ይጻፋል። ከ1999 በኋላ በወጣ ገለጻ ጸሐፊው ዝርያው አዲስ መሆኑን በግልጽ መናገርና ስሙ የሚያርፍበትን ናሙና ለይቶ ማሳወቅ አለበት። ይህ አንድ ናሙና ሲሆን ሆሎታይፕ ይባላል። የት ሙዚየም እንደተቀመጠም ይጻፋል። ነገ አንድ ሰው ቢጠራጠር ከጸሐፊው ጋር መከራከር አያስፈልገውም፤ ናሙናውን ሄዶ ያያል።

በሀገራችን የዚህ ድንቅ ምሳሌ አለ። በ1990 ነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ተመራማሪዎች በመኪና የተጨፈለቀ የሌሊት ወፍ መሳይ ሳይሆን እውነተኛ የሌሊት በራሪ አዕዋፍ ወገን የሆነ ወፍ መንገድ ላይ አገኙ። ሊተርፍ የቻለው አንድ ክንፉ ብቻ ነበር። ክንፉን በሙዚየሞች ካሉት የዘመዶቹ ናሙናዎች ጋር ሲያስተያዩ ከአንዱም ጋር አልገጠመም። በ1995 አዲስ ዝርያ ብለው ገለጹት፤ ስሙንም ሶላላ አሉት፤ በላቲን «ብቸኛ ክንፍ» እንደማለት ነው። ከተገኘ እስከ ተገለጸ አምስት ዓመት አለፈ። ያ ክንፍ ዛሬም እንግሊዝ ሀገር በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተቀምጧል፤ የሚጠራጠር ሄዶ ሊያየው ይችላል።

በ2018 ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቢቢታ ተራራ ላይ በጣም ትንሽ እንቁራሪት ተገኘች። በ2019 የገለጿት በአቡዳቢ ካለ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች ሲሆኑ የዝርያ ስሟንም ቢቢታ አሉት። የኛ ተራራ ስም በሳይንስ መዝገብ ገባ፤ ደስ ይላል። ግን ክንፉ እንግሊዝ፣ ገላጮቹ አቡዳቢ መሆናቸው አንድ ነገር ሊነግረን ይገባል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን?

አንድ ምሳሌ ብቻ ልስጥ። ለስላሳ ኮራሎች ራሳቸውን ከጠላት ለመከላከል ኬሚካሎችን ይሠራሉ፤ የመድኃኒት ተመራማሪዎችም ይፈልጓቸዋል። ሳርኮፊን የተባለው ኬሚካል ከቀይ ባሕር ሳርኮፊተን ግላውከም ተገኝቷል። አሁን ከላይ ያልኩትን አስታውሱ፤ በዚህ ስም ሲጠሩ የኖሩት ብዙ ናቸው። አንዱ ላብራቶሪ ጠቃሚ ኬሚካል አገኘሁ ቢልና ሌላው በተመሳሳይ ስም የሚጠራውን ሌላ እንስሳ መርምሮ ቢያጣው ማንኛው ነው የዋሸው? ምናልባት ማንም። ስሙ ግን ሁለቱንም አሳስቷቸዋል። ናሙና ያስቀመጠ ሰው ስሕተቱን ሊያርም ይችላል፤ ያላስቀመጠ ግን የዓመታት ልፋቱ መመለሻ የለውም። የባሕሩ ውሃ ሲሞቅ የትኛው ኮራል እየጠፋ እንደሆነ ለማወቅም መጀመሪያ የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አለበት። ስም የሌለውን ነገር ጠፋ የሚልለት ሰው የለም።

ለኛ ለተማሪዎችስ? ዛሬ ኢትዮጵያ ባሕር የላትም፤ ሥራው ግን በባሕር ብቻ አይወሰንም። የኢትዮጵያና የኤርትራን እጽዋት የሚዘረዝረው ባለ ስምንት ቅጽ መጽሐፍ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ማዕከልነት ተጀምሮ በ2009 ተጠናቋል። የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሙዚየምም አራት ኪሎ ይገኛል። የባዮሎጂ ተማሪዎች ሄዳችሁ እዩአቸው። መድረሳ የተማራችሁ ደግሞ መትን በቃል መያዝና በአንድ ቃል ላይ ሳምንት መቆየት ለምዳችኋል፤ የላባ ጥርስ መቁጠር አይከብዳችሁም።

የቀረነው ደግሞ ቢያንስ አንድ ነገር እንያዝ። «ሳይንስ እንዲህ አረጋገጠ፣ ቁርኣንም ይህንኑ ብሏል» የሚል መልእክት ሲደርሰን ወደ ሌላ ከማስተላለፋችን በፊት «ናሙናው የት ነው? ማን ገለጸው?» ብለን እንጠይቅ። ቁርኣን የኛ ያልተጣራ ወሬ ድጋፍ አያስፈልገውም። ይልቁንም የመጣልንን ወሬ እንድናጣራ በሱረቱ አል-ሑጁራት ታዘናል።

በሚቀጥለው ሐለቃ በሁላችን ፊት ያችን እህታችንን ይቅርታ ጠየቅኋት። ኡስታዝም ፈገግ ብለው «አላውቅም ማለትም የዕውቀት ክፍል ነው» አሉኝ።

ወሏሁ አዕለም።